ወላጅ እያላቸው "ወላጅ አልባ" የተባሉ 33 ልጆች፦ ሄይቲ ላይ የታሰረው የሚሽን ቡድን ጉዳይ

መነሻ

የአጭር ጊዜ ሚሽን የሚያዘጋጁ ቸርቾች በዝተዋል። በአሜሪካና በአውሮፓ ያሉ የሐበሻ አብያተ ክርስቲያናት ወጣቶቻቸውን ክረምት ላይ ወደ ኢትዮጵያ ይልካሉ። ከአዲስ አበባ ወደ ጎረቤት አገር የሚወጡ ቡድኖችም አሉ። ትኬት መቁረጥ፣ ክትባት መውሰድ፣ ቲሸርት ማሳተም፣ መዝሙር መለማመድ ላይ ማንም አይታማም። ሕግና ወረቀት ላይ ሲደረስ ግን "ጌታ በር ይከፍታል" የምትለዋ ነገር ትበዛለች።

ስለዚህ የቡድን ዝግጅት በተነሳ ቁጥር አንድ ጉዳይ አነሳለሁ። በ2010 ሄይቲ ውስጥ በሕፃናት ጠለፋ ተከሰው የታሰሩትን 10 አሜሪካውያን ክርስቲያኖች ጉዳይ። ብዙ ሰው ሲሰማው "ሌቦች ናቸው" ይላል። ሌላው ደግሞ "ቅዱሳን ተሰደዱ" ይላል። ሁለቱም ወገን ዝርዝሩን ካየ በኋላ እንደ መጀመሪያው በድፍረት አይናገርም።

የሰዎቹ ስም በጊዜው በዓለም ጋዜጦች ሁሉ ወጥቷል። እዚህ አልጽፈውም። ለምንማረው ነገር ስማቸው አያስፈልግም። ቀኖቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አገሩና ጊዜው

ጃንዋሪ 12 ቀን 2010፣ ከቀኑ 11 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት፣ መጠኑ 7.0 የሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ ሄይቲን መታት። ማዕከሉ ከዋና ከተማዋ ከፖርት ኦ ፕሪንስ በስተ ምዕራብ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ነበር። መንግሥት የሟቾቹን ቁጥር ከ200,000 በላይ ነው ብሏል። ቤተ መንግሥቱ ፈረሰ። ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶች ፈረሱ። የተባበሩት መንግሥታት ተልእኮ ዋና ጽሕፈት ቤትም ፈረሰ። ወላጅና ልጅ ተጠፋፋ።

ከዚያ በፊትም ቢሆን የሄይቲ ድሃ ቤተሰብ ልጁን ለሌላ ሰው መስጠት ያውቅበታል። ሬስታቬክ የሚባል ልማድ አለ። የገጠር ልጅ ከተማ ላለ ቤተሰብ ይሰጣል። ቤት እያጸዳ፣ ውኃ እየቀዳ ይኖራል፤ በምላሹ ይማራል ተብሎ ይጠበቃል። ብዙ ጊዜ ሥራው ይቀጥላል፣ ትምህርቱ ይቀራል። እኛም አገር "እያስተማርን እናሳድጋታለን" ተብላ ከገጠር የመጣች ልጅ የማያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም።

የሕፃናት ማሳደጊያዎቹም ያው ናቸው። እዚያ ካሉት ልጆች አብዛኞቹ ቢያንስ አንድ በሕይወት ያለ ወላጅ አላቸው። ወላጅ ልጁን የሚያስገባው እንዲበላና እንዲማር ነው እንጂ ስለሞተ አይደለም። ይህን የማያውቅ እንግዳ ማሳደጊያ ገብቶ 50 ልጅ ሲያይ 50 የሙት ልጅ ያየ ይመስለዋል።

ከመንቀጥቀጡ በኋላ የመንግሥት አንዱ ትልቅ ሥጋት የልጆች ዝውውር ነበር። በዶሚኒካን ሪፐብሊክ ድንበር በኩል ልጆችን ማሻገር የቆየ ንግድ ነው። ስለዚህ አዲስ ጉዲፈቻ ቆመ። ከአገር የሚወጣ እያንዳንዱ ልጅ የጠቅላይ ሚኒስትሩ የራሳቸው ፊርማ ያስፈልገዋል ተባለ። ምስጢር አልነበረም፤ በዜና የተነገረ ነው።

ቡድኑና ዕቅዱ

አምስት ሴቶች፣ አምስት ወንዶች። አብዛኞቹ አይዳሆ በምትባል የአሜሪካ ግዛት ውስጥ ካሉ ሁለት ባፕቲስት ቸርቾች የመጡ ናቸው። ከካንሳስና ከቴክሳስ የተቀላቀሉም ነበሩ። መጋቢ አለበት። እናትና ልጅ ሆነው የሄዱም አሉ። በየትኛውም ቸርች የምናገኛቸው ዓይነት ሰዎች ናቸው።

መሪዋ ነጋዴ ነበረች። በኖቬምበር 2009፣ ማለትም ከመንቀጥቀጡ በፊት፣ ትንሽ የበጎ አድራጎት ድርጅት አስመዝግባለች። ሐሳቧ ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ውስጥ የሕፃናት ማሳደጊያ መሥራት ነበር። መንቀጥቀጡ ሲመጣ የዓመታቱ ዕቅድ ወደ ቀናት ተጨመቀ። ሕንፃው ገና ስላልተሠራ ካባሬቴ በምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ 45 ክፍል ያለው ሆቴል እንዲከራዩ ታሰበ።

የመሪዋ የንግድ ድርጅት ላይ ያልተከፈለ ደመወዝ የሚጠይቁ ክሶች እንደነበሩ የአገሯ ጋዜጦች በኋላ ዘግበዋል። ይህ የፍርድ ቤት መዝገብ ላይ የነበረ ነው። ምዕመን ገንዘብና ልጅ ከመስጠቱ በፊት ማየት ይቻል ነበር።

ለደጋፊዎች የተሰራጨው የጉዞ ዕቅድ ላይ ትንሽ እንቆይ። እንዲህ ይላል፦ ከዶሚኒካን ዋና ከተማ ከሳንቶ ዶሚንጎ በአውቶቡስ ወደ ፖርት ኦ ፕሪንስ እንገባለን፤ ከየመንገዱና ከፈረሱ ማሳደጊያዎች 100 ወላጅ አልባ ልጆች እንሰበስባለን፤ እንመለሳለን። ይኼው ነው። የልጆቹ ስም አይታወቅም። ወላጆቻቸው መኖር አለመኖራቸው አይታወቅም። ማን እንደሚያስረክባቸው አይታወቅም። ቁጥራቸው ግን ይታወቃል። እኔ ይህን ጉዳይ ባስተማርኩ ቁጥር ሰዉ የሚያቆመው እስሩ ላይ ነው፤ ለእኔ ግን ነገሩ የተበላሸው እዚህች መስመር ላይ ነው። ቁጥሩ ቀድሞ ከተወሰነ፣ መሬት ላይ የምታገኘው ሁሉ ያንን ቁጥር መሙያ ይሆናል።

ልጆቹ ከየት መጡ

ከማሳደጊያዎች እንሰበስባለን ያሉት እንዳሰቡት አልሆነም። በአንድ ሄይቲያዊ መጋቢና በአንድ ወጣት አስተርጓሚ በኩል ወደ ሰፈር ወረዱ። 20 ያህሉ ልጆች ከዋና ከተማዋ ውጪ ተራራ ላይ ካለች ካልባስ ከምትባል መንደር የመጡ ናቸው። የቀሩት ከፖርት ኦ ፕሪንስ ሰፈሮች ናቸው።

ካልባስ ላይ የሆነው ግልጽ ነው። አስተርጓሚው የመንደሩን ሰው ሰበሰበ። አሜሪካውያኑ ልጆቻችሁን ወደ ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ወስደው ያስተምሯቸዋል፣ ሄዳችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ ተባለ። መዋኛና የኳስ ሜዳ እንዳለው የሚናገር በራሪ ወረቀት ታየ። ወላጆቹ ቤታቸው ተጎድቷል፣ የሚበላ የለም፣ ትምህርት ቤት የለም። ልጆቻቸውን በገዛ እጃቸው አውቶቡሱ ላይ አሳፈሩ።

ስለዚህ ልጆቹ ተሰርቀው አልተወሰዱም። ወላጆቹ ራሳቸው በኋላ ለዳኛው ይህንኑ መስክረዋል፤ ፈቅደን ነው የሰጠን ብለዋል። ነገሩን የሚያከብደውም ይኸው ነው። ሰው በአደጋ ማግስት፣ ልጁ እየራበው፣ ቋንቋውን ከማይችል እንግዳ ፊት ቆሞ "እሺ" ቢል፣ ያ እሺታ ምን ያህል ያስኬዳል? "ሄዳችሁ ትጠይቃላችሁ" የሚለው ተስፋስ? የካልባስ ገበሬ ፓስፖርትና ቪዛ ከየት አምጥቶ ነው ድንበር የሚሻገረው?

ሌላም አለ። የድርጅቱ ዕቅድ ለጉዲፈቻ የሚመጡ ቤተሰቦች የሚያርፉባቸውን የባሕር ዳር ቤቶች ሳይቀር ይጠቅሳል። መሪዋ ከታሰረች በኋላ ልጆቹን ለጉዲፈቻ ልንሰጥ አልነበረም ብላለች። ሊሆን ይችላል። ወላጆቹ የሰሙት ግን ስለ ትምህርት ነው፤ የአይዳሆ ደጋፊዎች ያነበቡት ስለ ወላጅ አልባና ስለ ጉዲፈቻ ነው። አንድ አውቶቡስ ላይ ሁለት የተለያየ ታሪክ ተጭኖ ነበር።

ተነግሯቸው ነበር

ከመታሰራቸው ሦስት ቀን ቀደም ብሎ 40 ያህል ልጆች አውቶቡስ ላይ ሲጫኑ አንድ የሄይቲ ፖሊስ አስቁሟቸዋል። ይህ ሕገ ወጥ ነው፣ ወደ ዶሚኒካን ኤምባሲ ሂዱ አላቸው። ልጆቹ ወረዱ። ሰው እዚህ ላይ ቆም ይላል ብሎ ያስባል። እነሱ ግን ሌላ ልጆች ፈለጉ።

ቀጥሎ የዶሚኒካን ቆንስል ነው። በተያዙበት ቀን መሪዋ ቢሮው ሄዳ ነበር። የሄይቲ ወረቀት ሳይኖርሽ ድንበር ከደረስሽ በልጆች ዝውውር ትያዣለሽ ብዬ አስጠንቅቄያታለሁ ብሏል። እሷ በበኩሏ የሄይቲን ተገቢ ሰነድ አለማግኘቷን አልካደችም። በዚህ ትርምስ ውስጥ ትክክለኛውን ነገር ለማድረግ ነው የሞከርነው ነበር መልሷ።

እንዲህ ያለውን አካሄድ ከአይዳሆ ርቀን ማየት አያስፈልገንም። እኛ ዘንድ "እንቢ" ያለ ባለሥልጣን ብዙ ጊዜ ሥራውን የሚሠራ ሰው ተደርጎ አይታይም። ጠላት ያስነሳው ተቃውሞ ይባላል። ይጾማል፣ ይጸለያል፣ ከዚያ በሌላ በር ይገባል። በሩ ሲከፈት ምስክርነት ይሆናል። ሳይከፈት ሲቀር ደግሞ ማንም አይናገረውም። ያ ፖሊስ ግን ከማንም በላይ ለቡድኑ የቀና ሰው ነበር። የዚያን ዕለት ቢሰሙት ኖሮ አሥሩም ቤታቸው ይገቡ ነበር።

ማልፓስ ላይ

ጃንዋሪ 29፣ ዓርብ። ማልፓስ የሄይቲና የዶሚኒካን ሪፐብሊክ መሻገሪያ ኬላ ነው። አውቶቡሱ 33 ልጆች ይዞ ደረሰ። ትንሹ የሁለት ወር ጨቅላ ነው። ትልቁ 12 ዓመቱ ነው። ስማቸው ፕላስተር ላይ ተጽፎ ልብሳቸው ላይ ተለጥፏል። መውጫ ፈቃድ የላቸውም። ፖሊስ አስቆማቸው። ወደ ፖርት ኦ ፕሪንስ መልሶ አሜሪካውያኑን አሰራቸው።

ልጆቹ ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው የኤስ ኦ ኤስ የሕፃናት መንደር ተወሰዱ። ሲደርሱ ርቧቸዋል፣ ጠምቷቸዋል። አንዲት ጨቅላ ሰውነቷ ውኃ አጥሮት ሐኪም ቤት ገባች። የመንደሩ ቃል አቀባይ ለጋዜጠኞች የተናገረው አንድ ነገር በዓለም ዙሪያ ተሰራጨ። አንዲት ሴት ልጅ እያለቀሰች "እኔ ወላጅ አልባ አይደለሁም፤ እናትና አባቴ አሉ" ብላለች። እናቷ ለጥቂት ጊዜ አዳሪ ትምህርት ቤት ወይም የዕረፍት ካምፕ የላከቻት መስሏት ነበር።

ጋዜጠኞች ቤት ለቤት ሄደው ሲያጣሩ ሁሉም ልጆች ወላጅ እንዳላቸው ታወቀ። የሙት ልጅ የለም። ጋዜጠኞቹ በሳምንታት ውስጥ ይህን ካጣሩ፣ የካልባስን መንደር መሪ ጠርቶ መጠየቅ ግማሽ ቀን የሚፈጅ ሥራ ነበር።

እስሩና ክሱ

ፌብሩዋሪ 4 ቀን አሥሩም በሕፃናት ጠለፋና ለወንጀል በመደራጀት ተከሰሱ። ከዚያ በኋላ ቡድኑ ውስጡ መሰንጠቅ ጀመረ። ስምንቱ ፈርመው ለአንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ሠራተኛ ወረቀት አወጡ፦ እኛ በፈቃደኝነት ነው የመጣነው፣ ከሰነድ ጋር ግንኙነት የለንም፣ ውሸት ተነግሮናል የሚል። እስር ቤት ውስጥ ሆኖ "ወረቀቱ የመሪዋ ጉዳይ ነበር" ማለት ምን ያህል እንደሚከብድ መገመት ይቻላል። ስምንቱም ግን ያንን አውቶቡስ የተሳፈሩት ማንም አስገድዷቸው አይደለም።

በመካከሉ ሌላ ጣጣ መጣ። ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ውስጥ ያለ አንድ ሰው ቤተሰቦቻቸውን አግኝቶ በነጻ የሕግ አማካሪ እሆናችኋለሁ አለ። ጭንቅ ላይ ያለ ቤተሰብ ማንን ይመርጣል? ተቀበሉት። ሰውዬው ጠበቃ ሆኖ አልተገኘም። ይባስ ብሎ ኤል ሳልቫዶር ውስጥ በሰዎች ዝውውር የሚፈለግ ተጠርጣሪ ሆኖ ተገኘ፤ በማርች ሳንቶ ዶሚንጎ ላይ ተያዘ። በልጆች ዝውውር የተጠረጠረ ቡድን በዝውውር የሚፈለግ ሰው ሲወክለው ዳኛውም ሆነ ዓለም ምን ሊያስብ እንደሚችል መናገር አያስፈልግም።

ዳኛው ወላጆቹን ከሰማ በኋላ ፌብሩዋሪ 17 ስምንቱን ያለ ዋስትና ገንዘብ ለቀቃቸው። በአሜሪካ አየር ኃይል አውሮፕላን ማያሚ ገቡ። ከመንቀጥቀጡ በፊት ሄይቲ ሄደው የነበሩት ሁለት ሴቶች፣ መሪዋና አንዲት ባልደረባዋ፣ ግን ለተጨማሪ ምርመራ ቀሩ። ባልደረባዋ ማርች 8 ተፈታች። በመሪዋ ላይ የነበረው የጠለፋ ክስ ተነሥቶ በአነስተኛ ወንጀል ተቀየረ፦ ሕገ ወጥ ጉዞ ማደራጀት። ሕጉ በ1980፣ በአምባገነኑ ዱቫሊየር ዘመን የወጣ ነው። ዐቃቤ ሕግ ስድስት ወር ጠይቆ ነበር። ሜይ 17 ጥፋተኛ ተብላ፣ የታሰረችበት ጊዜ እንደ ቅጣት ተቆጥሮላት ወጣች።

የሠራውና ያልሠራው

በዚህ ታሪክ ውስጥ በትክክል የሠራው ክፍል ብዙ አይወራለትም። መሥሪያ ቤቱ ፈርሶበት፣ ዘመዱ ሞቶበት ሊሆን የሚችል የድንበር ፖሊስ ወረቀት አየ፤ ወረቀት የለም አለ። "ሄይቲ መንግሥት የላትም" ይባል በነበረበት ሳምንት መንግሥት ኬላ ላይ ተገኘ። ኤስ ኦ ኤስና የመንግሥት የማኅበራዊ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ደግሞ ልጆቹን አንድ በአንድ መዝግበው ወላጅ ማፈላለግ ያዙ። ማርች 17 ላይ ከ33ቱ 32ቱ ወደ ቤተሰቦቻቸው ተመለሱ። አዝጋሚ ነው፤ ፎቶ አያምርበትም፤ ለደጋፊ የሚላክ ሪፖርት ላይም አያምርም። ግን ልጅን ከእናቱ ጋር ያገናኘው እሱ ነው።

ያልሠራው "ልባችን ንጹሕ ነው" የሚለው መከላከያ ነው። ብዙዎቹ ልባቸው ንጹሕ እንደነበር አልጠራጠርም። ዳኛው ግን የሚመረምረው ሰነድ ነው። ደግሞም የቡድኑ መታሰር የዓለምን ካሜራ ለሳምንታት ወሰደው። መቶ ሺዎች ድንኳን ውስጥ እያሉ የዜናው መክፈቻ አሥር አሜሪካውያን ሆኑ። ሊረዱ የመጡበት ሕዝብ በእነሱ ተሸፈነ።

ሄይቲ በኋላ ሕጓን አጠበቀች። ከ2014 ጀምሮ የሄግ የጉዲፈቻ ስምምነት አባል ናት፤ ቤተሰብ ለቤተሰብ በግል የሚደረግ የውጭ ጉዲፈቻም ቀርቷል።

ለእኛ ቡድኖች

ይህ የፈረንጅ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ2010 ወደ አሜሪካ ብቻ 2,500 ያህል የኢትዮጵያ ልጆች በጉዲፈቻ ሄደዋል። ከወላጆቹ መካከል ልጁ ተምሮ የሚመለስ፣ የሚጽፍ፣ የሚረዳቸው የመሰላቸው ነበሩ። የካልባስ ወላጆች የሰሙትን የመሰለ ነገር ነው የሰሙት። ኢትዮጵያ በ2018 የውጭ ጉዲፈቻን በሕግ ከልክላለች። ስለዚህ ከውጭ የሚመጣ የሐበሻ ቡድን "ይቺን ልጅ ይዤ ብሄድ" ብሎ ሲመኝ መጀመሪያ ማወቅ ያለበት ይህን ነው። ቋንቋ መቻልና ያገር ልጅ መሆን ከሕጉ አያስወጣም። እንዲያውም ወላጅ ያገሩን ልጅ ቶሎ ስለሚያምን ኃላፊነቱ ይብሳል።

ልጅ የሚነካ ሥራ ካለ ቡድኑ ራሱ ልጅ አይምረጥ፣ አይሰብስብ፣ አያንቀሳቅስ። ይህን የሚሠራ የአገሩ መሥሪያ ቤት አለ። ቀርፋፋ ቢሆንም አለ። ቡድኑ ማድረግ የሚችለው ቤተሰቡ ልጁን ሳይሰጥ እንዲያሳድግ መርዳት ነው። የካልባስ ሰው ልጁን የሰጠው ምግብና ትምህርት ፍለጋ ነው። የአሥር ሰው ትኬትና የሆቴል ኪራይ ለዚያች መንደር ብዙ ምግብና የትምህርት ቤት ክፍያ ይሆን ነበር። ይህን ስናገር "ታዲያ ለምን እንሄዳለን?" የሚል ይነሳል። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ከመሄድ በፊት ቢመለስ ይሻላል።

ተጋባዥ ሳይሆኑ መሄድም አለ። ይህን ቡድን ጋብዞ፣ የአካባቢውን ቤተሰብ በስም እያወቀ፣ "ይሄ አይሆንም" የሚል የሄይቲ ቤተ ክርስቲያን ከኋላው አልነበረም። መጋቢና አስተርጓሚ መንገድ ላይ ማግኘት ጋባዥ አያሰኝም። አስተርጓሚ ቀጣሪውን እንቢ ማለት ይከብደዋል።

እኔ በጣም የምገፋው ግን ሌላ ነገር ነው። ከቡድኑ ጋር የማይሄድ፣ ቤት የሚቀር አንድ ሽማግሌ ጉዞውን የማስቆም ሥልጣን ይኑረው። ቡድኑ እዚያ ሲደርስ ያዝናል፣ ያለቅሳል፣ ይቸኩላል፤ ሕፃን ታቅፎ ሕግ ማሰብ ከባድ ነው። ቤት የቀረው ሰው ግን "ፖሊስ አስቁሞናል" የሚል ስልክ ሲደርሰው በሰከነ ልብ "በቃ፣ ተመለሱ" ማለት ይችላል። ሥልጣኑ በጽሑፍ ይሁን፤ መሪውም ከመነሳቱ በፊት ይፈርምበት። አንዳንድ ቸርች ውስጥ ይህን ሳነሳ እምነት እንደጎደለኝ ተቆጥሯል። ይቆጠር።

እያንዳንዱ ተጓዥ ደግሞ ፈቃዶቹን በዓይኑ ይይ። ፎቶ አንስቶ ስልኩ ላይ ይያዝ። ታስሮ "ስለ ሰነዱ አላውቅም ነበር" ማለት እንደማያድን ስምንቱ አይተውታል።

የአገሩን ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ ስምና ስልክም ከመነሳት በፊት ይያዝ። ኤምባሲ እስር ቤት መጥቶ ይጠይቃል፣ የጠበቆች ዝርዝር ይሰጣል፣ ለቤተሰብ ያሳውቃል። ከእስር አውጥቶ ግን አይሰጥም፤ ያገሩን ዳኛም አያዝዝም። ከታሰሩ በኋላ ጠበቃ የሚፈልግ ቤተሰብ መጀመሪያ የደወለለትን ሰው ይይዛል። ሳንቶ ዶሚንጎ ላይ የሆነው እሱ ነው።